አንቀጽ 59 እያለ የቀድሞ ፍርድ መጥቀስ ምን ይፈይዳል?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ማቋቋሚያ ደንብ አንቀጽ 59፣ ውሳኔው የሚያስገድደው ተከራካሪዎቹን ብቻ፣ እሱም በዚያው ጉዳይ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ፍርዶቹን ሳነብ ግን ከገጽ ገጽ የቀድሞ ፍርድ ተጠቅሶ ነው የማገኘው። የማያስገድድ ከሆነ ለምን ይጠቀሳል? የጽሑፍ ክርክር ሳዘጋጅስ ምን ያህል ልመካበት?»

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቀድሞ ፍርድ አያስገድድም፤ የማስረዳት ሸክሙን ግን ያዞራል። ቀድሞ በተወሰነ የሕግ ነጥብ የሚሄድ ችሎት «ከዚህ በፊት እንዳልነው» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። ከዚያ ሊወጣ የፈለገ ችሎት ግን ውሃ የሚቋጥር ምክንያት መስጠት ይጠበቅበታል። ለተከራካሪም እንዲሁ ነው። የቀድሞው ፍርድ ከጎኑ የቆመለት ወገን ጠቅሶት ማለፍ ይችላል፤ ላቡን የሚያንጠፈጥፈው ተቃራኒው ወገን ነው።

በመጀመሪያ አንቀጽ 59 የሚለውንና የማይለውን እንለይ። የአሁኑ ፍርድ ቤት የተካው ቋሚው የዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት፣ ጀርመን ፖላንድን በላይኛው ሲሌዥያ ጉዳይ በከሰሰችበት የ1926 ፍርዱ የድንጋጌውን ዓላማ ተናግሯል፦ በአንድ ጉዳይ ተቀባይነት ያገኘ የሕግ መርህ ሌሎች መንግሥታትን ወይም ሌላ ክርክርን እንዳያስር መከላከል ነው። እንግዲህ አንቀጽ 59 በክርክሩ ያልነበረን ሦስተኛ አገር ይጠብቃል እንጂ ዳኛውን ያለፈውን እንዲረሳ አያዘውም። አንቀጽ 38(1)(መ) ደግሞ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን የሕግን ይዘት ለማረጋገጥ የሚያገለግሉ ረዳት መንገዶች ይላቸዋል። ከስምምነት፣ ከልማዳዊ ሕግና ከአጠቃላይ የሕግ መርሆዎች ጋር በአንድ ረድፍ አልተቀመጡም። በጽሑፍ ክርክር ላይ ይህ ልዩነት አለው። «በእከሌ ፍርድ መሠረት ተከሳሹ አገር ግዴታ አለበት» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። ግዴታው የሚመነጨው ከስምምነቱ አንቀጽ ወይም ከልማዳዊ ሕጉ ነው፤ ፍርዱ የሚመጣው ያ ሕግ ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ነው።

የማስረዳት ሸክሙ በተግባር እንዴት እንደሚዞር የካሜሩንና የናይጄሪያ ክርክር ጥርት አድርጎ ያሳያል። ካሜሩን የፍርድ ቤቱን ሥልጣን የምትቀበልበትን መግለጫ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ያስገባችው ማርች 3፣ 1994 ነበር። ማርች 29 ክስ መሠረተች። ናይጄሪያ መግለጫው መግባቱን ሳልሰማ ተከሰስኩ ብላ ተቃወመች። መንገዷን የዘጋባት ግን ፖርቱጋል ሕንድን የከሰሰችበት የ1957 ብይን ነው፤ በዚያ ብይን ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለ መግለጫ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ይሠራል ብሎ ነበር። ናይጄሪያ ይህ አቋም እንደገና እንዲታይላት ጠየቀች። ፍርድ ቤቱ በጁን 11፣ 1998 ብይኑ አንቀጽ 59ን አልካደም፤ ናይጄሪያን በሌሎች ጉዳይ በተሰጠ ውሳኔ ማሰር የማይታሰብ ነው አለ። ወዲያው ግን ጥያቄውን ገለበጠው፦ መጠየቅ ያለበት የቀድሞውን ሐተታና መደምደሚያ ላለመከተል ምክንያት አለ ወይ የሚለው ነው። ምክንያት አላገኘም፤ መቃወሚያው ወደቀ።

ይህን አቋም ይበልጥ ያጠበቀው ክሮኤሽያ ሰርቢያን በከሰሰችበት ጉዳይ ኖቬምበር 18፣ 2008 የተሰጠው ብይን ነው። የቀድሞ ውሳኔዎች በምንም መልኩ አያስገድዱኝም፣ ነገር ግን እጅግ የተለየ ምክንያት ካላገኘሁ ከጸናው አቋሜ አልወጣም አለ ፍርድ ቤቱ። የሚያስገርመው ይህን ያለው ከአራት ዓመት በፊት በሌላ መንገድ ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው። ታሪኩን ዘርዘር አድርገው ቢያዩት ይጠቅምዎታል።

ቦስኒያ በ1993 የያኔዋን ዩጎዝላቪያ በዘር ማጥፋት ስምምነት ከሰሰች። በጁላይ 11፣ 1996 ብይን ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለኝ አለ። በ1999 ዩጎዝላቪያ በተራዋ የኔቶ አባል አገሮችን ከሰሰች፤ ክሶቹ በቀጠሮ ላይ እያሉ ኖቬምበር 1፣ 2000 እንደ አዲስ አባል የተባበሩት መንግሥታትን ተቀላቀለች። ይህ ቀደም ሲል አባል ነበረች ወይ የሚለውን ጥያቄ ከሥሩ አናጋው። ዲሴምበር 15፣ 2004 ፍርድ ቤቱ በስምንቱ የኔቶ ክሶች ላይ፣ ከሳሿ ክሱን ስትመሠርት የድርጅቱ አባል ስላልነበረች የፍርድ ቤቱ በር አልተከፈተላትም ብሎ ዘጋቸው። የዩጎዝላቪያን ቦታ የተካችው ሰርቢያ ይህን ይዛ ወደ ቦስኒያው መዝገብ ሄደች፦ በ1999 በሩ ካልተከፈተልኝ በ1993 እንዴት ልከሰስ ቻልኩ? ሎጂኩ ጠንካራ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ፌብሩዋሪ 26፣ 2007 በሰጠው ፍርድ የ1996ቱ ብይን በእነዚሁ ሁለት ተከራካሪዎች መካከል በፍርድ ያለቀ ጉዳይ ስለሆነ አይከፈትም አለ። ክሮኤሽያ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ ተከራካሪ አልነበረችም፤ የ1996ም የ2004ም ውሳኔ አያስራትም፣ አይጠቅማትምም። እዚያ ላይ ፍርድ ቤቱ ሦስተኛ መንገድ ያዘ፦ ክሱ ሲመሠረት የነበረው ጉድለት ሰርቢያ በ2000 አባል ስትሆን ተሟልቷል። ለዚህም የተደገፈው በ1924ቱ የማቭሮማቲስ ፍርድ ላይ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው፣ በፍርድ ያለቀ ጉዳይና የቀድሞ ውሳኔ የተለያዩ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው በእነዚያው ተከራካሪዎች መካከል ፍጹም አስገዳጅ ነው፤ ስህተት ቢሆን እንኳ በማረም ሥርዓት ካልሆነ በቀር አይነካም። ሁለተኛው ለሌሎች የሚቀርብ ማሳመኛ ነው። ብዙ ተማሪዎች፣ አንዳንዴም ልምድ ያላቸው ጠበቆች፣ የ2007ቱን ፍርድ «ፍርድ ቤቱ በቀድሞ ውሳኔው ታሰረ» ብለው ለአንቀጽ 59 ክርክር ይጠቅሱታል። ለዚያ አይሆንም።

ፍርድ ቤቱ ያለፈውን የሚከተልበት ምክንያት ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሕግ እርግጠኝነትና እኩልነት ይጠቀሳሉ፤ ልክ ነው። በእኔ ግምት ግን አወቃቀሩም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። 15ቱ ዳኞች ለ9 ዓመት ነው የሚመረጡት፤ በየሦስት ዓመቱ የሚታደሰው የአምስቱ ቦታ ብቻ ነው። ትናንት ሐተታውን የጻፉት አሥሩ ነገም እዚያው ናቸው። ከዚያም በላይ መንግሥታት በፈቃዳቸው ካልሆነ አይዳኙም፤ መግለጫ ሲያስገቡና ተዓቅቦ ሲያደርጉ (ከፊሉን አንቀበልም ሲሉ) ፍርድ ቤቱ እስከዛሬ የሰጠውን ትርጉም አስልተው ነው።

አንዳንድ የሕግ መስክ ደግሞ ከሞላ ጎደል በፍርድ የተሠራ ነው። የባሕር ወሰንን ይውሰዱ። የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 74 እና 83 ፍትሐዊ መፍትሔ ይኑር ይላሉ እንጂ ዘዴ አይሰጡም። ዘዴውን በሦስት ደረጃ አጥርቶ ያስቀመጠው የሮማንያና የዩክሬን የጥቁር ባሕር ፍርድ ነው፣ በ2009። በቅድሚያ ከሁለቱ ዳርቻ እኩል የሚርቅ ጊዜያዊ መስመር ይሰመራል። ቀጥሎ መስመሩን የሚያስተካክል ልዩ ሁኔታ መኖሩ ይታያል። በመጨረሻ በዳርቻዎቹ ርዝመትና በተከፈለው ባሕር ስፋት መካከል የጎላ አለመመጣጠን እንደሌለ ይፈተሻል። በሌላ ስምምነት የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት በ2012 የባንግላዴሽና የማያንማርን ወሰን ሲያካልል በዚሁ መንገድ ሄደ። ሶማሊያና ኬንያ በተከራከሩበት በ2021 ኬንያ ወሰኑ የኬክሮስ መስመር ተከትሎ ይሂድ ብትልም ችሎቱ ሦስቱን ደረጃ ተከተለ፤ ዘዴው በስምምነቱ ያልተደነገገና ግዴታም ያልሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ራሱ ያዳበረው መሆኑን ግን እዚያው ላይ ጻፈ። ከዘዴው መውጣትም ይቻላል። በ2007 በኒካራጓና በሆንዱራስ ጉዳይ የኮኮ ወንዝ አፍ ደለል ስለሚለዋወጥ መነሻ ነጥብ መያዝ አልተቻለም፤ ስለዚህ በእኩል ርቀት መስመር ፋንታ የዳርቻዎቹን ማዕዘን ለሁለት የሚከፍል መስመር ተሰመረ። ሊርቁት የሚፈልጉት ዘዴ ካለ የሚያዋጣው እንዲህ ያለ በመሬቱ ላይ የሚታይ ምክንያት ነው።

ሌሎቹ ፍርድ ቤቶች አንድ ዓይነት ሚዛን የላቸውም፤ ጽሑፍዎ የሚቀርብበትን መድረክ ሳይለዩ አይጻፉ።

የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የወንጀል ፍርድ ቤት ይግባኝ ሰሚ ችሎት በማርች 24፣ 2000 የአሌክሶቭስኪ ፍርድ ደረጃውን አስቀምጧል፦ የሥር ችሎቶች በይግባኝ ሰሚው የሕግ ምክንያት ይታሰራሉ፤ የሥር ችሎቶች እርስ በርስ አይተሳሰሩም፤ ይግባኝ ሰሚው ራሱ የቀድሞ ውሳኔውን ይከተላል፣ ለፍትሕ ሲባል አሳማኝ ምክንያት ሲኖር ግን ሊወጣ ይችላል። መውጣቱም የወረቀት ብቻ አልሆነም። በፌብሩዋሪ 2013 በፔሪሺች ጉዳይ፣ ወንጀል በመርዳት ለመጠየቅ እርዳታው በተለይ ወደ ወንጀሉ ያነጣጠረ መሆን አለበት ተብሎ ተከሳሹ ነጻ ወጣ። ዓመት ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 2014፣ በሻይኖቪች ጉዳይ ሌላ የዳኞች ስብጥር ያንን መስፈርት በግልጽ ተወው። ዐቃቤ ሕግ ይህን ይዞ የፔሪሺች ነጻ መውጣት እንደገና እንዲታይ ቢጠይቅም አልተሳካለትም። በፍርድ ያለቀውና የቀድሞ ውሳኔው ልዩነት እዚህም ይታያል። ቋሚው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ደግሞ ላላ ያለ ነው፤ የሮም ደንብ አንቀጽ 21(2) በቀድሞ ውሳኔ የተተረጎመን መርህ ሊሠራበት «ይችላል» ይላል፣ አያዝም።

የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ያለበቂ ምክንያት ከቀድሞው አልወጣም ይላል፣ ስምምነቱ ግን ከኑሮ ጋር አብሮ የሚተረጎም ነው ብሎም ያምናል። አቋሙ እንዲለወጥ የሚፈልግ ሰው የክሪስቲን ጉድዊንን የ2002 ፍርድ ማጥናት አለበት። ጾታቸውን የቀየሩ ሰዎች ሕጋዊ እውቅና ይሰጣቸው ወይ በሚለው ላይ በ1986 በሪስ፣ በ1990 በኮሲ፣ በ1998 በሸፊልድና ሆርሻም ጉዳዮች ብሪታንያ አልጣሰችም ተብሎ ነበር፤ በጉድዊን ጉዳይ ግን ጥሳለች ተባለ። ከመጀመሪያው ፍርድ ጀምሮ ግን ሁኔታው በየጊዜው ሊታይ ይገባል የሚል ማሳሰቢያ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ በቀድሞ ፍርድ ውስጥ ካገኙ ክርክርዎን ከዚያ ይጀምሩ፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ የተወው ቀዳዳ ነው።

በዓለም ንግድ ድርጅት ይግባኝ ሰሚው አካል በ1996 በጃፓን የአልኮል መጠጦች ጉዳይ የጸደቁ ሪፖርቶች (የድርጅቱ የክርክር ውሳኔዎች) ተገቢ የሆነ መጠበቅን ይፈጥራሉ፣ ከዚያ ጉዳይ ውጭ ግን አያስገድዱም ብሎ ነበር። በ2008 በአሜሪካና በሜክሲኮ የብረት ክርክር ከዚያ አልፎ፣ አሳማኝ ምክንያት ከሌለ ተመሳሳይ የሕግ ጥያቄ በተመሳሳይ መንገድ ይመለሳል አለ። ዋሺንግተን ይህን ሥልጣንን እንደማለፍ ቆጠረችው፤ የአባላትን ሹመት ለማገድ ከጠቀሰቻቸው ቅሬታዎች አንዱም ነበር። አካሉ ከዲሴምበር 2019 ወዲህ አዲስ ይግባኝ መስማት አልቻለም። በፍርድ አቋም የመጽናት ልክ የት ላይ እንደሚሰበር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የውጭ ባለሀብት መንግሥትን የሚከስበት የኢንቨስትመንት ግልግል ከሁሉም የተበታተነ ነው። በየጉዳዩ የሚሰየም ጉባኤ እንጂ ቋሚ ችሎት የለም፣ ይግባኝም የለም። በአርጀንቲና የኢኮኖሚ ቀውስ ሳቢያ በአንድ ስምምነት የመጡ የሁለት ኩባንያዎች ክሶችን ያነጻጽሩ፦ የሲኤምኤስ ጉባኤ በ2005 የአርጀንቲናን የአስገዳጅ ሁኔታ መከላከያ ውድቅ አደረገ፤ የኤልጂ ኤንድ ኢ ጉባኤ በ2006 ለተወሰነ ጊዜ ተቀበለው። አንድ ዳኛ በሁለቱም ጉባኤዎች ተቀምጠዋል። የሲኤምኤስን ውሳኔ ያየው የመሻሪያ ኮሚቴ በሐተታው ላይ የሕግ ስህተት ቢያገኝም፣ ይግባኝ ሰሚ ስላልሆነ የካሳውን ውሳኔ አልሻረውም። በዚህ መስክ «12 ጉባኤዎች እንዲህ ብለዋል» የሚል ቆጠራ ብቻውን ሚዛን አይደፋም። የስምምነቱ ቃል አንድ መሆኑን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያሳዩ።

አንዱ ፍርድ ቤት ሌላውን ሲጠቅስስ? ግዴታ የለበትም፣ ግን ያደርገዋል። የስትራስቡርግ (የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት) ዳኞች በ1991 በክሩዝ ቫራስ ጉዳይ፣ 10 ለ9 በሆነ ድምፅ፣ ጊዜያዊ እግድ አስገዳጅ አይደለም ብለው ነበር። የዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2001 በላግራንድ ጉዳይ የራሱ ጊዜያዊ እርምጃዎች ያስገድዳሉ ካለ በኋላ፣ በ2005 በማማትኩሎቭ ጉዳይ የስትራስቡርጉ ታላቁ ችሎት ላግራንድን ከሌሎች ጋር ጠቅሶ አቋሙን ለወጠ። ተቃራኒውም ደርሷል። በ1986 የኒካራጓ ፍርድ መንግሥት ለታጣቂ ቡድን ድርጊት የሚጠየቀው ውጤታማ ቁጥጥር ሲኖረው ነው ተብሏል፤ የዩጎዝላቪያው ፍርድ ቤት በ1999 በታዲች ጉዳይ አጠቃላይ ቁጥጥር ይበቃል አለ፤ በ2007 የቦስኒያ ፍርድ ደግሞ የዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ወደ ራሱ መስፈርት ተመለሰ። የመንግሥት ተጠያቂነትን ሲከራከሩ ታዲችን ብቻ ይዘው ከሄዱ ባዶ እጅዎን ነዎት።

አሁን ወደ አሠራሩ። ፍለጋውን ከቅርቡ ፍርድ ይጀምሩና ወደኋላ ይሂዱ። ፍርድ ቤቱ አንድን ነጥብ ሲደግም የቀድሞዎቹን ደርድሮ ስለሚጠቅስ፣ የቅርቡ ፍርድ የትኞቹ አሁንም እንደቆሙ ይነግርዎታል። ከታሪካዊው ፍርድ የጀመረ ሰው ግን በኋላ የተሸረሸረውን አያይም። የ1962ቱ የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ብይን ለዚህ ዓይነተኛ ወጥመድ ነው። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በከሰሱበት በዚያ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ7 ሥልጣን አለኝ ብሎ ነበር። በጁላይ 18፣ 1966 ግን ድምፁ 7 ለ7 ሆኖ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ መብት አላሳዩም ተብሎ ክሱ ወደቀ። ያ አቋምም በተራው አልቆየም። በ1970 የባርሴሎና ትራክሽን ፍርድ ለዓለም ሁሉ የሚገቡ ግዴታዎች እንዳሉ ተናገረ። ቤልጂየም ሴኔጋልን በ2012፣ ጋምቢያ ማያንማርን በ2022 ብይን፣ በቀጥታ ሳይጎዱ በወል ጥቅም ከሰው ተሰሙ። የትም ቦታ ላይ «የ1966ቱን ሽረናል» የሚል ቃል አያገኙም። ይህ ፍርድ ቤት ሲወጣ ድምፁን አያሰማም፤ መውጣቱን የሚያውቁት መጥቀስ ያቆመውን በማየት ነው።

ፍርዱን ካገኙ በኋላ የትኛው ክፍል እንደሆነ ይለዩ። ውሳኔው ያረፈበት የሐተታ ነጥብ ክብደት አለው፤ ለውሳኔው የማያስፈልግ፣ በአጋጣሚ የተነገረ አስተያየት ያንን ያህል የለውም። የዳኞች የልዩነትና የተናጠል ሐሳብ የፍርድ ቤቱ ቃል አይደለም፤ ከጠቀሱት የማን እንደሆነ ይጻፉ። ከጋዜጣዊ መግለጫው ጋር የሚወጣውን ማጠቃለያ አይጥቀሱ፤ ይፋዊ ሰነድ አለመሆኑ ራሱ ላይ ተጽፏል። ሁልጊዜ የፍርዱን የአንቀጽ ቁጥር ያስቀምጡ።

በብዛት የሚደረገው ስህተት የጊዜያዊ እርምጃ ትእዛዝን እንደ መጨረሻ ፍርድ መጥቀስ ነው። በዚያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ የሚያየው ሥልጣን ያለው መስሎ መታየቱንና የተጠየቀው መብት ሊኖር የሚችል መሆኑን ብቻ ነው። ዩክሬን ሩስያን በከሰሰችበት ማርች 16፣ 2022 ሩስያ ወታደራዊ ዘመቻውን እንድታቆም 13 ለ2 ታዘዘች። ፌብሩዋሪ 2፣ 2024 ግን ፍርድ ቤቱ የኃይል አጠቃቀሙን በሚመለከተው የክስ ክፍል ላይ ሥልጣን የለኝም አለ። ትእዛዙን ለዋናው ነጥብ ማስረጃ አድርጎ ጽፎ የነበረ ሰው ያን ቀን ክርክሩ ተናደበት።

ፍርድ ቤቱ የተባበሩት መንግሥታት አካላት ሲጠይቁት በሚሰጠው የምክር አስተያየት ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ስህተት ይሠራል፤ «አያስገድድም» ተብሎ ይናቃል። የቻጎስ ደሴቶችን የተመለከተው የ2019 አስተያየት በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤቱ ልዩ ችሎት በሞሪሸስና በማልዲቭስ ጉዳይ አስተያየቱ የሕግ ውጤት እንዳለው ተቀብሎ የማልዲቭስን መቃወሚያ ጣለ።

አንቀጹን ሲጽፉ ሕጉን ከነምንጩ ያስቀድሙ፣ ቀጥሎ ፍርዱን ከነቀኑና ከነአንቀጽ ቁጥሩ፣ ከዚያ የሁለቱ ጉዳዮች ፍሬ ነገር የሚገናኝበትን። ከሁሉ በላይ ግን ለተቃራኒው ወገን የሚጠቅመውን ጠንካራ ፍርድ እርስዎ ራስዎ አንስተው ይመልሱለት። ደብቀውት ተቃራኒው ወገን ካነሳው ችሎቱ የቀረውንም ጥቅስዎን በጥርጣሬ ነው የሚያነበው። ለመለየት የሚያዋጡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ የስምምነቱ ቃል ይለያያል፣ ፍሬ ነገሩ ይለያያል፣ ወይም ያ ነጥብ ያኔ ክርክር አልተደረገበትም። አንዱም ካልሠራ ብቻ እንዲለወጥ ይጠይቁ። ሲጠይቁም «ፍርዱ ስህተት ነው» ማለት አይበቃም፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ያሳዩ።

ክርክርዎ በአንዲት ቃል ላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ የፍርዱን የመጨረሻ ገጽ ይመልከቱ። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ከሚወጡት ሁለት ቅጂዎች የትኛው ገዢ እንደሆነ እዚያ ላይ ተጽፏል። የሚጠቅሱት ከዚያኛው ይሁን።